ጽጌ ሲገባ ቅጠሉን እይ

ልጄ፣ «ዓመቱ የት ገባ?» ማለት አብዝተሃል። ጊዜ አይሮጥም ብዬ አልከራከርህም። ግን አኗኗርህም ያስሮጠዋል። ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሥራ፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ትርፍ ሰዓት። ቀኑ ሁሉ አንድ ዓይነት ከሆነ ዞር ብለህ ስታየው የምትይዘው የለም፤ ስድስት ወሩ እንደ ሳምንት ይሆንብሃል። አገር ቤት ዓመቱ ምልክት ነበረው፤ ቡሄው፣ መስቀሉ፣ ጾሙ፣ ፍስኩ። ሰው ሁሉ «ከፍልሰታ በፊት ነው»፣ «የመስቀል ሰሞን ነው» እያለ ኑሮውን ያስታውሳል።

እዚህ ዋሽንግተን ምልክቱን ዛፉ ይሰጥሃል። መስከረም 26፣ በእነሱ ኦክቶበር 6፣ ጽጌ ይገባል። እስከ ኅዳር 5 ባሉት 40 ቀናት አገር ቤት ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል። ሮክ ክሪክ ፓርክ ያለው ቅጠልም የሚለወጠው በእነዚሁ ቀናት ነው። ስደት ላይ ላለ ሰው ይህ መገጣጠም ትልቅ ስጦታ ነው እላለሁ፤ እዚያ በአበባው፣ እዚህ በቅጠሉ፣ አንዱን ወቅት አብረን እናከብራለን።

ታዲያ ቆም ብለህ እይ። ቀኑ ሲያጥር ዛፉ በቅጠሉ ያለውን ምግብ ወደ ራሱ ይሰበስባል፤ አረንጓዴውን መሥራትም ይተዋል። ያኔ ብቅ የሚለው ቢጫ አዲስ አይደለም፤ በሙቀቱ ወራት ሁሉ እዚያው ነበር፣ አረንጓዴው ሸፍኖት። የሜፕል ዛፉ ቀይ ግን በዚሁ ሰሞን የሚሠራ ነው፤ ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ብርድ ሲሆን ይደምቃል። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ በከተማው መንገድ ዳር የተተከለው ጊንኮ ነው። ሌላው ዛፍ ቀስ በቀስ ሲረግፍ፣ እሱ ኃይለኛ ውርጭ ሲመታው ቅጠሉን ባንድ ጊዜ ያራግፋል። «ልጆቹን ቅዳሜ አመጣቸዋለሁ» ያለ አባት አስፋልቱ ላይ ተነጥፎ ያገኘዋል።

ስለዚህ ቀን ቁረጥ። ስካይላይን ድራይቭን፣ የተራራውን መንገድ፣ ካሰብክ ተራራው ከከተማው ቀድሞ ስለሚቀላ ጥቅምት እንደገባ ሂድ። መንገዱ 169 ኪሎ ሜትር ነው፤ ልጨርሰው አትበል። አንድ ቦታ አቁመህ ዳቦውን ቁረስ፣ ሻዩን ቅዳ፣ ልጆቹ ቅጠል ይልቀሙ። ደብተር ያዝ፤ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ትንሿ ልጅህ ያለችውን በአማርኛ ጻፍ። በየዓመቱ እዚያው ዛፍ ሥር ፎቶ አንሳቸው።

እናትህንም ከዚያው ሆነህ በቪዲዮ ደውልላትና ተራራውን አሳያት። ጠዋት ይሁን። ኖቬምበር ላይ ሰዓቱ ወደ ኋላ ከተመለሰ ከአዲስ አበባ ጋር ያለን ልዩነት 8 ሰዓት ይሆናል፤ ከምሳ በኋላ ካልክ ተኝታለች።