በይሉኝታ የተሰጠ ሙክት



ድግስ ደስታ ነው። ደስታ ከወዳጅ ጋር ሲካፈሉት ይበዛል፤ ወጪውም ከወዳጅ ጋር ሲካፈሉት ይቀላል። ይህን የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የጥሪው ወረቀት ሳይደርሰን የደጋሹ የባንክ ሂሳብ ቁጥር ቀድሞ የሚደርሰን ሆነናል። «የቪዲዮውን ወጪ አንተ ቻለው»፣ «የሙሽሪትን ልብስ ለእናንተ ለጓደኞቿ ትተነዋል»፣ «ሚዜ መሆንህ ካልቀረ መኪናውንም አንተው ፈልግ» ይባላል። ጠሪው ሌላ፣ ከፋዩ ሌላ ሆኗል። ታዲያ ወዳጅ እንዲህ ያለ ድፍረት የተሞላበት ጥያቄ ሲያቀርብልን ምን ማለት ይገባናል? እሺ ብንል ኪሳችንና ልባችን ይጣላሉ፤ አይ ብንል ደግሞ ወዳጁን የምናጣው ይመስለናል። ይህ ጸሐፊ አንድ ጊዜ እሺ፣ አንድ ጊዜ አይ ብሎ ሁለቱንም አይቷቸዋል።

ከዓባይ በረሃ ማዶ፣ ከደጀን ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው መንገድ በብቸናና በሞጣ ያልፋል። በእነዚህ የምሥራቅ ጎጃም ከተሞች ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎረቤት ነው፤ በሐዘንም በሠርግም ይፈላለጋል። ሙስሊሙ በአብዛኛው በንግድ ስለሚታወቅ «እስላም ገንዘብ አያጣም» የሚል አስተሳሰብ አለ። ድግስ በተነሣ ቁጥር ዓይን ወደ እርሱ የሚዞረው፣ አንዳንዴም ራሱ ሙስሊሙ ወደ ወንድሙ የሚያይበት ምክንያት አንዱ ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ነገር የሆነው በብቸና ነው። አንድ የልጅነት ጓደኛዬ እኅቱን ሊድር ሽር ጉድ ይላል። ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ ስለነበር ስለ ድግሱ ለመምከር በተሰበሰቡት ሰዎች መካከል ተቀመጥኩ። ጓደኛዬ ወረቀት አውጥቶ ማንበብ ጀመረ። እገሌ ይህን፣ እገሌ ያንን እያለ ሲወርድ ቆየና «ሁለት ሙክት፣ ከአዲስ አበባው ወንድማችን» አለ። አስቀድሞ አልጠየቀኝም። በዙሪያው የነበሩት አባቶች በአንድ ድምፅ «አላህ ይጨምርልህ» ብለው መረቁኝ። ከምርቃት በኋላ እንዴት ተደርጎ አይሆንም ይባላል? «እሺ» አልኩ።

በዚያ ወር የቤት ኪራይ አልከፈልኩም ነበር። ከሥራ ባልደረባዬ ተበድሬ ሙክቶቹን ገዛሁ። ሠርጉ አማረ፤ እኔ ግን ከዚያ በኋላ ለሁለት ዓመት ያህል የጓደኛዬን ስልክ አይቼ እንዳላየሁ አልፍ ነበር። በመጨረሻ ፊት ለፊት ተገናኝተን ነገሩ ሲወጣ፣ «ካልቻልክ ለምን ጠጋ ብለህ አልነገርከኝም? አንዱም ይበቃን ነበር እኮ» አለኝ። ደነገጥኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ራሴን ተበዳይ አድርጌ ነበር የምቆጥረው። እርሱ በሰው ፊት ማስገደዱ ጥፋት ነው። እኔ ግን በአፌ እሺ ብዬ በልቤ አይ ማለቴ ከውሸት በምን ይለያል? በደስታ የሰጠሁት መስሎት ሲያመሰግነኝ በኖረ ሰው ላይ ሁለት ዓመት ሙሉ ቂም ይዤበታለሁ።

በ505 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢማም አል-ገዛሊ «ኢሕያእ ዑሉሚዲን» በተሰኘው ሥራቸው ይህን ጉዳይ አንስተውታል። ሰው በሌሎች ፊት ተጠይቆ ልቡ ሳይወድ በኀፍረት የሰጠው ገንዘብ በኃይል ከተወሰደ ገንዘብ እንደማይለይ፣ ገላን በጅራፍ መምታትና ልብን በኀፍረት መምታት አንድ እንደሆነ ያስረዳሉ። አማርኛችን ለዚህ ጅራፍ ስም አለው፤ ይሉኝታ እንለዋለን። ይሉኝታ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ሰውን ከስንት ነውር ይጠብቃል። የሚከፋው ጠያቂውን ለቅቆ ተጠያቂውን ብቻ ሲይዝ ነው።

«ታዲያ ወዳጅን መጠየቅ ነውር ነው ማለት ነው?» የሚል ይኖራል። አይደለም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ ከኸይበር ሲመለሱ እናታችንን ሶፊያን (ረ.ዐ.) ባገቡ ጊዜ ወሊማው የተደገሰው ባልደረቦቻቸው ባመጡት ስንቅ ነው። የቆዳ ምንጣፍ ተነጠፈ፤ ያለው ያለውን እንዲያመጣ ተነገረ፤ አንዱ ተምር፣ ሌላው ቅቤ አመጣና ተደባልቆ ተበላ። ልብ በሉ፤ የተጠየቀው በእጁ ያለው ብቻ ነው። እገሌ ይህን ያህል የሚል ዝርዝር አልተነበበም፤ የሌለው ሰውም ከማዕዱ አልተገለለም። የእኛም አባቶች በደቦና በወንፈል የኖሩት እንዲህ ነው፤ በሬ ያለው በሬውን፣ የሌለው ጉልበቱን ይዞ ይመጣል።

ደግሞም ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ዐብዱራሕማን ኢብኑ ዐውፍን (ረ.ዐ.) ወሊማ እንዲያደርግ ያዘዙት በአንድ በግም ቢሆን ብለው ነው። ዛሬ የምናየው የድፍረት ጥያቄ አብዛኛው የሚወለደው ከችግር አይመስለኝም። ሰው ከአቅሙ በላይ ይደግስና ትርፉን በወዳጁ ትከሻ ላይ ይጭነዋል። አንድ በግ የሚችል ሰው አምስት በግ አርዶ ቢታይ ክብሩ የእርሱ፣ ዕዳው የጓደኞቹ ይሆናል።

ሁለተኛው ነገር የሆነው በሞጣ ነው። በዩኒቨርሲቲ አብሮኝ የተማረ ክርስቲያን ወዳጄ ሊያገባ ሲል ደወለልኝ። «ቢራውን ላንተ ትቼዋለሁ፤ ዐሥር ሳጥን ብቻ ነው። እናንተ ነጋዴዎች ይህ አይከብዳችሁም» አለኝ። ጋዜጠኛ መሆኔን እንኳ ረስቶታል። የአስካሪ መጠጥ ነገር በሐዲስ ግልጽ ነው፤ ጉዳዩ የሚጠጣውን ብቻ ሳይሆን የሚገዛውን፣ የሚሸከመውንና ዋጋውን የሚበላውንም ይመለከታል። ስለዚህ እዚህ ላይ የማመንታት መብቱም አልነበረኝም። የብቸናውን ሙክት ግን አስታወስኩና ቶሎ መለስኩለት። «ወንድሜ፣ ለቢራ አልከፍልም፤ ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም። ለሙስሊም እንግዶችህ የሚታረደውን በግ ግን ለእኔ ተውልኝ» አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። ቀጥሎም ሳቀና «ሳላስበው ነው እኮ፣ ይቅርታ» አለ።

ለሠርጉ ሄድኩ። እንደ አገሩ ልማድ ለሙስሊም እንግዶች ዳሱ ለብቻ ተጥሏል፤ አራጁም ሙስሊም ነው። የሙሽራው እናት አጠገቤ መጥተው «ልጄ፣ ሳትሳቀቅ ብላ፤ ድስቱንም ከእስላም ጎረቤቴ ነው የተዋስኩት» አሉኝ። እኝህ እናት ድስት ለመዋስ ደጅ አንኳኩተዋል፤ እርሳቸውም ጠይቀዋል። ነገር ግን የጠየቁት እኔ ሳልጨነቅ እንድበላ ነው።

ይህን በሞጣ ማየቴ ቀላል ነገር አልሆነብኝም። በዚያች ከተማ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. መስጊዶችና የሙስሊሞች ሱቆች ተቃጥለዋል። ከእንዲህ ያለ ቀን በኋላ በአንድ ግቢ ተቀምጦ መብላት ራሱ ትልቅ ጉዳይ ነው። «ጊዜው እንዲህ ከሆነ እሺ ብሎ ማለፉ አይሻልም?» የሚሉ አሉ። እኔ ግን እንዲህ አስባለሁ። ሃይማኖቴን ደብቄ፣ ቢራውን ከፍዬ፣ በልቤ ተቀይሜ ብቀር ኖሮ ወዳጄ የሚያውቀው እኔን ሳይሆን የደበቅኩበትን ሰው ይሆን ነበር። አይ ስለው ግን ማን እንደሆንኩ ዐወቀ፤ ዐውቆም ወደደኝ።

እምቢታም አደብ አለው። በሱረቱል ኢስራእ 28ኛ አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) በእጃችን የምንሰጠው ባጣን ጊዜ ጠያቂውን በገር ቃል እንድንመልስ ያስተምረናል። ስለዚህ መልሱ ሳይውል ሳያድር፣ ለብቻ፣ ያለ ሐሜትና ያለ ፈጠራ ሰበብ ይሁን። የምንችለው ሌላ ነገር ካለ አብረን እናቅርብ፤ ከሌለም ዱዓችን ይበቃል። ጠያቂውም በበኩሉ ከሚያምር የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ምሳሌ ይማር። አቡ ሹዐይብ የተባለ የመዲና ሰው ለአምስት ሰው ምግብ አሰናድቶ በጠራቸው ጊዜ አንድ ያልተጠራ ሰው ተከተላቸው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሰውየውን ዝም ብለው ይዘውት አልገቡም፤ ቢፈልግ እንዲፈቅድለት፣ ባይፈልግ እንዲመልሰው ለባለቤቱ ምርጫ ሰጡት። እርሱም ፈቀደ። ማንም እምቢ የማይላቸው ሰው እምቢ የማለትን በር ራሳቸው ከከፈቱ፣ እኛ ዝርዝር ይዘን በአደባባይ የምናነበው በምን ሥልጣናችን ነው?

የብቸናና የሞጣ ገበሬ በ1960 ዓ.ም. መንግሥት ያወጣውን የእርሻ ገቢ ግብር አልከፍልም ብሎ ተነሥቶ ነበር። ጦር ቢዘምትበትም በመጨረሻ ግብሩን ያስቀረው እርሱ ነው። ለንጉሠ ነገሥት መንግሥት አይ ያለ ሰው የልጅ ልጅ ለጓደኛው አይ ማለት ሲከብደው ማየት ይገርማል። ምሥጢሩ ግን ሩቅ አይደለም፤ ጓደኛን ስለምንወደው እናፍረዋለን። እንግዲያውስ የምንወደውን ሰው በውሸት እሺታ አናታልለው።

ያ የብቸናው ጓደኛዬ በቅርቡ ልጁን ለማዳር ተነሥቷል። ዝርዝሩን ከማውጣቱ በፊት ለብቻ ደወለልኝና «አንድ ሙክት ትችላለህ? ካልቻልክ መምጣትህ ይበቃኛል» አለኝ። በዚህ ጊዜ እሺ ያልኩት ከልቤ ነው።

ወላሁ አዕለም።