ዋጋው ተከፍሏል፤ እኛስ ለምን እንሰግዳለን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን! ከአምቦ ወደ ጉደር ወይም ወደ ጊንጪ ስንሄድ፣ አንዳንዴ ሚኒባስ ውስጥ አጠገባችን የተቀመጠ ሰው «ድነሃል ወይ?» ይለናል። ብዙዎቻችን እንደነግጣለን። «ድኛለሁ» ብንል ትዕቢት፣ «አልዳንኩም» ብንል መስቀሉን መካድ ይመስለናል።

እስቲ እናስተውል። ዐቢይ ጾምን 55 ቀን እንጾማለን። ስቅለት ዕለት ስንሰግድ ውለን ማታ ካህኑ በወይራ ጀርባችንን ጠብጠብ እያደረጉ ተጨማሪ ስግደት ያዙናል። ይህ ሁሉ ክርስቶስ ያስቀረውን ዕዳ ለመክፈል ነው? ሎቱ ስብሐት! እርሱ በቀራንዮ አንድ ጊዜ ከፍሎ ጨርሷል። ስግደት ክፍያ ቢሆን ኖሮ በቀኙ የተሰቀለው ወንበዴ ገነት ባልገባ ነበር፤ ተሰቅሎ ሳለ እንዴት ይሰግዳል? ግን በቀረችው ምላሱ ጥፋቱን አመነ፤ ጌታን ለመነ።

የአምቦን ውሃ አስቡ። ከመሬት ራሱ ይፈልቃል፤ ማናችንም አላፈለቅነውም። ጎንበስ ብሎ ያልቀዳ ግን አይጠጣም። ስግደቱ፣ ንስሐውና ቁርባኑ ጎንበስ ማለታችን ነው።

ስለዚህ ለጠያቂያችን «በጥምቀት ከእግዚአብሔር ተወልጃለሁ፤ በንስሐና በቁርባን እኖራለሁ፤ እስከ መጨረሻው እንድጸና ጸልይልኝ» እንበለው። የምንሠጋው ለራሳችን ድካም ነው እንጂ የእርሱን ቸርነት ተጠራጥረን አይደለም።

ወንድሜ፣ እኅቴ! «አልበቃሁም» እያልን ከቅዱስ ቁርባን ከራቅን ስንት ዓመት ሆነን? በራሱ የበቃማ ማን አለ? ፋሲካ ሳይደርስ የንስሐ አባታችንን እንፈልግ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።