ጸጥ ብሎ የሚሳሳት ማሽን

ኮምፒውተር "አስተማማኝ ነው" ስንል ምን ማለታችን ነው? ከሁለት ዓመት በፊት ብትጠይቁኝ መልሱ አፌ ላይ ነበር፦ አይዘጋም፣ ሰማያዊ ስክሪን አያሳይም፣ በቃ። ዛሬ ግን ጥያቄው ከማሽኑ ይልቅ እኔን የሚመለከት እየመሰለኝ መጥቷል።

ነገሩ የተጀመረው በመብራት ነው። የምሠራው ቤት ሆኜ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ዴስክቶፔን ይዞ የሚያቆይልኝ አንድ ያረጀ ዩፒኤስ አለኝ። ለእሱ እያንዳንዱ ዋት ደቂቃ ነው። ፕሮሰሰሬ ራይዘን 5 5600ኤክስ ነው፤ ስድስት ኮር አለው፤ ሥራ ሲበዛበት እስከ 76 ዋት ይወስዳል። ቮልቴጁን ዝቅ በማድረግ ፍጥነቱን ብዙም ሳይነኩ ኃይል መቆጠብ እንደሚቻል የሰማ የኢንጂነሪንግ ምሩቅ ደግሞ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም።

ሒሳቡ ያማልላል። ቺፑ በሥራ ላይ የሚበላው ኃይል የሚወጣና የሚወርደው በቮልቴጁ ስኩዌር ነው። ቮልቴጁን 10 በመቶ ብትቀንሱ፣ በዚያው ፍጥነት፣ ኃይሉ 19 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ከየትም የመጣ ሲሳይ!

ከየትም አልመጣም እንጂ። ከአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ቀን የወጡ ሁለት ቺፖች መንታ አይደሉም፤ አንዱ በትንሽ ቮልት ደህና ሲሠራ ሌላው ካልጨመሩለት ይደናበራል። አምራቹ ለእያንዳንዱ እስከ መጨረሻው ጫፍ እየለካ ልክ በልኩ ሊሰፋለት አይችልም። ስለዚህ ህዳግ ይተዋል፤ ለሙቀት፣ ለእርጅና፣ ሥራ ድንገት ሲመጣ ቮልቴጁ ለቅጽበት ለሚወድቅበት ጊዜ። አንደርቮልት ማድረግ ማለት ይህን ህዳግ መብላት ነው። እኔ ደግሞ ያኔ ህዳግን በአንድ ቃል ነበር የምጠራው፦ ብክነት።

ባዮስ ውስጥ ገብቼ ከርቭ ኦፕቲማይዘር የሚባለውን ነጌቲቭ 30 አደረግኩት፤ የመጨረሻው ነው። አንዷ ቁጥር ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት ትቀንሳለች። የኃይል ጣሪያውን ከ76 ወደ 55 ዋት አወረድኩ። ፕራይም95 በተባለው ፕሮግራም ሌሊቱን ሙሉ አስጨነቅኩት፤ ይህ ፕሮግራም ግዙፍ ፕራይም ቁጥሮችን ለመፈለግ የተሠራ ሆኖ ሳለ ሒሳቡን ራሱ ስለሚያረጋግጥ የማሽን መፈተኛ ሆኗል። ነጋ፤ ስህተት የለም። ፋኑ እንኳ አይሰማም። ስክሪንሾቱን ለጓደኞቼ ላክሁ፤ ጉራ ነው፣ አልክድም።

በሦስተኛው ቀን ማሽኑ ጠፋ። ሥራ በዝቶበት እንዳይመስላችሁ፤ እኔ ምሳ እየበላሁ እሱ ዝም ብሎ በተቀመጠበት። በኋላ ነው የገባኝ። ስድስቱም ኮሮች ሲጨነቁ የኃይል ጣሪያው ፍጥነታቸውን ያወርደዋል። ቀላል ሥራ ሲመጣ ግን አንዱ ኮር ብቻውን ወደ 4.6 ጊጋኸርዝ ይዘላል፤ ህዳጉ በጣም የሚሳሳው እዚያ ነው። በጭንቅ ያልወደቀው በእረፍት ይወድቃል። ቁጥሩን ወደ ነጌቲቭ 22 መለስኩት። ሁለት ወር አንድ ጊዜም አልተዘጋም። አስተማማኝ ነው አልኩ።

በዚያው ሰሞን አክስቴ አንድ ፌስታል ካሴት ሰጠችኝ። በዘጠናዎቹ ጅዳ ትሠራ ነበር፤ ያኔ ደብዳቤ መጻፍ የማይችል ሰው ድምፁን በካሴት ቀድቶ በመንገደኛ ይልካል። አያቴ ፊደል አልቆጠረችም። እና አሥራ አንድ ካሴት ሙሉ ታወራለች፦ ማን አገባ፣ ማን ሞተ፣ ላሟ ወለደች፣ አንቺ ግን መቼ ነው የምትመጪው። ካሴቶቹን ተራ በተራ ወደ ኮምፒውተር ገለበጥኩ። ቴፑ ሁለቱን ከተገለበጡ በኋላ በላቸው፤ "ግድ የለም፣ ተቀድተዋል" አልኩ። ቦታ እንዳይፈጁ ሁሉንም አምቄ ዋናዎቹን አጠፋሁ። የታመቁትን ግን አልፈተሽኩም።

ከወራት በኋላ ስከፍታቸው ሁለቱ አልፈታ አሉ። አንደኛው ቴፕ ከበላቸው አንዱ ነበር።

እስቲ ቮልቴጅ ሲያንስ ምን እንደሚሆን አስቡ። በቺፑ ውስጥ ያለው ሲግናል ይዘገያል። ደወል ተደውሎ በሩ ሲዘጋ ያልደረሰ ተማሪ በሉት፤ ስም ጠሪው ግን "ቀሪ" ብሎ አይጽፍም፤ በቦታው ያገኘውን ማንንም "አለ" ብሎ ይመዘግባል። የተሳሳተው ቢት የሜሞሪ አድራሻ ውስጥ ከገባ ፕሮግራሙ ይፈርሳል፤ ይህ ዕድለኛ ቀን ነው። ተራ ቁጥር ውስጥ ከገባ ግን ማንም አያይም። በ2021 የፌስቡክ ኢንጂነሮች ያወጡት ጽሑፍ ላይ አንድ ብልሹ ኮር 1.1ን 53 ጊዜ በራሱ አባዛ ሲባል 156 ማለት ሲገባው 0 ይል ነበር። በዚህ ምክንያት ፋይሎች "መጠናቸው ዜሮ ነው" እየተባሉ ይጠፉ ነበር። እዚያ ቮልቴጅ የነካ ሰው አልነበረም፤ የሲሊከን ጉድለት ነው። በ2019 የወጣው ፕላንደርቮልት የተባለው ጥናት ደግሞ ቮልቴጅ ሆን ተብሎ ሲወርድ የኢንቴል ፕሮሰሰር ማባዛትን እንደሚስት፣ በዚያም ምስጢር ሊሰረቅ እንደሚችል አሳይቷል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የተበላሸ ቢት ግን እያደር አይጠራም። ወደ ባክአፕ ይገለበጣል፣ ከባክአፕ ወደ ባክአፕ ይሄዳል፤ በሰነበተ ቁጥር ዋናውን ይመስላል።

ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ግን አላውቅም። ክርክሩ እዚህ ጋ ነው የሚከብደኝ። በነጌቲቭ 22 ሌሎች ፋይሎችን ሦስት ሌሊት እያመቅኩ እየፈታሁ ሞከርኩ፤ አንድም ስህተት አልወጣም። የዊንዶውስ መዝገብ ስመለከት ደግሞ ካሴቶቹን ባመቅኩበት ሳምንት "ታርሟል" የተባለ አንድ የፕሮሰሰር ስህተት ተቀምጧል። የታረመው ይህ ነው፤ ሳይታወቅ ያለፈ ካለ በመዝገብ አይገባም። ዳይክስትራ ስለ ሶፍትዌር እንዳለው፣ ፈተና ስህተት መኖሩን እንጂ አለመኖሩን አያሳይም። ስለዚህ "እርግጠኛ እስክሆን ልፈትን" የሚል ሥነ ምግባር የለም፤ እርግጠኛ የሚባል ቦታ የለማ። የሚቀረው ጥያቄ ብሳሳት የሚከፍለው ማነው የሚለው ነው። ጌም ስጫወት የምከፍለው እኔ ነኝ፤ ህዳጉንም ብበላ የራሴን ነው። የአያቴን ድምፅ ሳምቅ ግን የበላሁት ህዳግ የአክስቴ ነበር፤ አልጠየቅኳትም።

የፋብሪካ ቁጥር ቅዱስ ነው እያልኩ አይደለም። ኢንቴል በ2024 የ13ኛውና የ14ኛው ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ ራሳቸውን እንደሚጎዱ አምኗል። ፋብሪካም ይሳሳታል። ልዩነቱ፣ ሲሳሳት ዋስትናውን በሁለት ዓመት አራዝሞ በስሙ መልስ ሰጠ። እኔስ? አክስቴ ስትጠይቀኝ "ዲስኩ አርጅቶ ነው" አልኳት። ዲስኩ በእርግጥ አርጅቷል። ምናልባትም እውነቱ እሱ ሊሆን ይችላል። ግን ያን ያልኩት ስለማውቅ ሳይሆን ማንም ሊያጣራ ስለማይችል ነው። ብልሹው ኮር "0" ሲል እንደዚያ ነው፤ ድምፁ አይንቀጠቀጥም።

አሁን ማሽኑ ነጌቲቭ 10 ላይ ነው። የሰው ፋይል ስይዝ ወደ ፋብሪካው እመልሰዋለሁ፤ የታመቀውን ፈትቼ ከዋናው ጋር ሳላመሳክር ምንም አላጠፋም።

ለፋሲካ አክስቴ ቤት ስሄድ ነገርኳት። ስለ ቮልቴጅ፣ ስለ ህዳግ፣ ስለ ዘገየው ተማሪ። ቡናውን እየቀዳች በትዕግሥት ሰማችኝ። "ይሄን ሁሉ ያደረግከው ምን ልታገኝ ነው ልጄ?" አለችኝ። ሃያ ዋት፤ በወር ሲሰላ ከአንድ ማኪያቶ አይበልጥም፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጥቂት ደቂቃ። እንዲሁ ቁጥሩን ነገርኳት። "እሺ" አለችና ሲኒውን አቀበለችኝ።