የምድር ትንፋሽና የእጃችን ሥራ



ውድ አንባብያን፣ ባለፈው ጁሙዓ ከሶላት በኋላ ከመስጊድ ስወጣ አንድ ወጣት ተጠጋኝና እንዲህ ሲል ጠየቀኝ። «ኡስታዝ፣ ምድርን ያሞቃት የሰው ልጅ የሚያወጣው ጭስ ነው ብለው አስተምረውናል። እሳተ ገሞራ የሚተፋውስ? እሱ ከኛ ጭስ ይበልጣል ሲሉ ሰምቻለሁ። ነገሩ የአላህ ሥራ ከሆነ እኛ የምንጠየቅበት ለምንድን ነው?» ጥያቄው ከቅን ልብ የመጣ ነበር። እኔ ግን ቸኩዬ ስለነበር «ሁሉም በቀደር ነው፤ ቢሆንም ኃላፊነት አለብን» ብዬ ሸኘሁት። ቤቴ ስገባ መልሴ አሳፈረኝ። ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁት ያንን ዕዳ ለመክፈል ነው።

ወንድሜ፣ ንግግርህ አንድ እውነት አለው። ምድር በአላህ ፈቃድ ትተነፍሳለች። በትምህርት ቤት «የተቃጠለ አየር» እያልን የተማርነው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከውስጧ ይወጣል። እሳተ ገሞራ በሚፈነዳበት ጊዜ ብቻ ሳይሆን፣ ሳይፈነዳም በመሬት ስንጥቅና በፍል ውሃ በኩል በዝምታ ይወጣል። የአፋር ወንድሞቻችን «የሚጨስ ተራራ» የሚሉት ኤርታ አሌ በአገራችን አለ። ስምጥ ሸለቆአችንም የዚህ ትንፋሽ መውጫ ነው።

ትንፋሹ ምን ያህል እንደሚያስፈራ የካሜሩን ሰዎች ያውቃሉ። በሰሜን ምዕራብ ካሜሩን ኒዮስ የሚባል ከ200 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ሐይቅ አለ። ከሥሩ የሚወጣው ጋዝ በለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ እንደታፈነ አየር ለዓመታት በጥልቁ ውሃ ተጠራቅሞ ኖረ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 21 ቀን 1986፣ ኀሙስ ምሽት፣ ቆርኪው እንደተነሳ ጠርሙስ ገንፍሎ ወጣ። ይህ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ሰማይ አልተበተነም፤ ሸለቆውን ተከትሎ ወደ መንደሮች ወረደ። እስከ 25 ኪሎ ሜትር ድረስ የነበሩ ሰዎችን አፈነ። ከ1,700 በላይ ሰዎችና በሺህ የሚቆጠሩ ከብቶች ሞቱ። ብዙዎቹ ከእንቅልፋቸው እንኳ አልነቁም።

ለመሆኑ ስለ እነዚህ ሰዎች ምን እንላለን? «ኃጢአታቸው ነው» የሚል ምላስ አይጠፋም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጃቸው ኢብራሂም በሞተ ዕለት ፀሐይ ስትጋረድ ሰዎች ሁለቱን ሲያያይዙ፣ ፀሐይና ጨረቃ ለማንም ሞት እንደማይጋረዱ አስተማሩ። እኛም የአላህን ምልክቶች እንዳሻን በሰው ላይ የመለጠፍ መብት የለንም። የኒዮስ ገበሬ ከሐይቁ ሥር ምን እንዳለ አያውቅም ነበር፤ ስላላወቀው ነገር አይወቀስም። በሱረቱል ኢስራእ አላህ (ሱ.ወ.) መልእክተኛ ሳይልክ እንደማይቀጣ ነግሮናል። ተጠያቂነት ከማወቅ በኋላ ይመጣል።

ከታወቀ በኋላስ? ባለሙያዎች የሐይቁ ሥር እንደገና በጋዝ እየተሞላ መሆኑን ደረሱበት። «ቀደር ነው» ብለው እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። እ.ኤ.አ. በ2001 ወደ ሐይቁ ጥልቅ ቱቦ አወረዱ፤ በ2011 ሁለት ጨመሩ። ጋዙ የታችኛውን ውሃ ራሱ እየገፋ በፏፏቴ መልክ ጥቂት በጥቂት ይወጣ ጀመር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ላለው ሰው መጀመሪያ እንዲያስራት አዘዙት። ቱቦው የኒዮስ ገመድ ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄህ ልመለስ። የምድር ትንፋሽ ከኛ ጭስ ይበልጣልን? አይበልጥም፤ ጨርሶ አይቀራረብም። በየብስም በባሕር ሥርም ያሉ እሳተ ገሞራዎች ሁሉ ተደምረው በዓመት የሚያወጡት ከ300 እስከ 400 ሚሊዮን ቶን ያህል እንደሆነ ይገመታል። የሰው ልጅ ከከሰል፣ ከነዳጅና ከሲሚንቶ እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ግን ከ36 ቢሊዮን ቶን በላይ ነው፤ መቶ እጥፍ ገደማ። እ.ኤ.አ. በ1991 ዓለምን ያስደነገጠው የፊሊፒንሱ ፒናቱቦ ተራራ ያወጣው 50 ሚሊዮን ቶን ያህል ይገመታል። ይህንን ዛሬ እኛ የሰው ልጆች በግማሽ ቀን እናወጣዋለን።

ደግሞም የምድር ትንፋሽ መልስ ተሠርቶለታል። ዝናብ ጋዙን ይዞ ይወርዳል፤ ድንጋዩን ቀስ እያለ ያሟሟል፤ ወንዝ ወደ ባሕር ይወስደዋል፤ የባሕር ፍጥረታት ዛጎላቸውን ይሠሩበታል፤ ዛጎሉም የኖራ ድንጋይ ይሆናል። ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በኋላ በእሳተ ገሞራ ተመልሶ ይወጣል። ሱብሐነላህ! ሱረቱ ረሕማን ሰማይ ከፍ መደረጉንና ሚዛን መቆሙን፣ እኛም በሚዛኑ እንዳናጓድል መታዘዛችንን ትነግረናለች። ይህ የዝናብና የድንጋይ ሥራ ግን እጅግ ዝግ ያለ ነው፤ እኛ በአንድ ትውልድ የምናቃጥለውን አይደርስበትም። በሃዋይ ማውና ሎአ ተራራ ላይ እ.ኤ.አ. በ1958 ልኬት ሲጀመር ከሚሊዮን የአየር ቅንጣት 315 ያህሉ ይህ ጋዝ ነበር፤ አሁን ከ420 አልፏል። ልኬቱ የሚካሄደው እሳተ ገሞራ በሆነ ተራራ ላይ መሆኑ ራሱ ለሚያስተውል ትምህርት ነው።

«ፋብሪካው የሌላ፣ ድርቁ የኛ» የምትል አንባቢ ትኖሪ ይሆናል። እውነትሽን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ የከሸፉባቸው የሶማሌና የቦረና አርብቶ አደሮች ለዓለም ጭስ ያዋጡት ከምንም አይቆጠርም። ብዙ ያቃጠለ ብዙ ይጠየቃል። ነገር ግን የድርሻችን ማነስ የእውነቱን መዛባት አይፈቅድልንም። የባለ ፋብሪካውን ጥፋት በምድር ላይ ስናላክክ የምንጠቅመው እሱን ነው፤ የምንበድለውም ከብቱ ያለቀበትን ወንድማችንን ነው። ከዚያም በላይ የሰውን እጅ ሥራ «የአላህ ሥራ» ብለን መጥራታችን በጌታችን ላይ መዋሸት ይሆንብናል።

ወንድሜ ሆይ፣ የኒዮስ ገበሬ ሳያውቅ ተኛ። እኛ አውቀን ብንተኛ ምን ብለን እንመልሳለን? አላህ (ሱ.ወ.) የኒዮስን ወላጅ አልባዎች ይጠብቅልን፤ እኛንም አማናውን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።