ከግንቡ ሥር ያለ ጎጆ

ጎንደር ውስጥ በጎጆው ላይ ፎቅ ልጨምር የሚል ሰው ማንን ያስፈቅድ? የሕንፃ ሕጉ የከተማው አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ደግሞ መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው።

ሕዝብ ሲባል ታዲያ በሕይወት ያለው ብቻ ነው?

ዐፄ ፋሲል በ17ኛው ክፍለ ዘመን ግንቡን አሠሩ፤ ከዚያ በኋላ እቴጌ ምንትዋብ የቁስቋምን ቤተ ክርስቲያን። በደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ የተሣሉት ክንፋም የመላእክት ፊቶች ዛሬም ቁልቁል ያያሉ። ሠዓሊያቸው ለማያውቀው ትውልድ ደክሟል። ይህ ውለታ ያስራል፤ የፋሲል ግንብ በዩኔስኮ መዝገብ መስፈሩም (እ.ኤ.አ. 1979) ዕዳውን ለዓለም አካፍሏል።

ነገር ግን የልጅ ልጆቿን የምታስጠጋበት ያጣች ባልቴትም እውነት አላት። ቅርሱ የሁሉም ከሆነ፣ ግንቡ እንዳይጋረድ ጣሪያዋን ዝቅ ስታደርግ ኪሳራው ለእሷ ብቻ መተው የለበትም፤ ከተማው ምትክ ቦታ ወይም ካሳ ይስጣት።