ኢብን ሩሽድ ሲኒማ ቤት ሲገባ

ግብፃዊው የፊልም ዳይሬክተር ዩሱፍ ሻሂን እ.ኤ.አ. በ1994 «ስደተኛው» የተሰኘ ፊልም ለሕዝብ አቀረበ (እዚህ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ፊልሙ ወንድሞቹ የከዱት አንድ ወጣት ወደ ፈርዖኖች አገር ወርዶ፣ እዚያ ሠርቶና ተምሮ ሲከብር ያሳያል። የያዕቆብ ልጅ የዮሴፍ ታሪክ መሆኑ ለማንም አይሰወርም፤ ሻሂን ግን ባለታሪኩን ራም ብሎ ሰየመው። ወዶ አልነበረም። በእስልምና ዮሴፍ ነቢይ ነው፤ ነቢይን ተዋናይ ሆኖ መጫወትን ደግሞ የካይሮው የእስልምና ተቋም የአል-አዝሃር ሊቃውንት አይፈቅዱም። ዮሴፍን በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ተስሎ እያየ ላደገ አንባቢ ክልከላው እንግዳ ሊሆንበት ይችላል፤ ሙስሊም ጎረቤቱን ቢጠይቅ ግን ከጥልቅ አክብሮት የመነጨ መሆኑን ያስረዳዋል።

የስም ለውጡ ፊልሙን አላዳነውም። አንድ ጠበቃ «ይህ ነቢዩ ዮሴፍ ነው» ሲል ከሰሰ፤ ፍርድ ቤትም በዓመቱ መጨረሻ ፊልሙን አገደው። እገዳው በይግባኝ የተነሣው በ1995 ነው።

ዘመኑ ለካይሮ የብዕርና የጥበብ ሰዎች ክፉ ነበር። በ1992 ጸሐፊው ፋራግ ፎዳ በጥይት ተገደለ። በ1994 ኦክቶበር የ82 ዓመቱን አዛውንት፣ የኖቤል ተሸላሚውን ናጊብ ማህፉዝን፣ አንድ ወጣት ከቤቱ ደጃፍ አንገቱን በጩቤ ወጋው። ሰበቡ ከ35 ዓመት በፊት በጋዜጣ በተከታታይ የወጣ ልብ ወለድ ነው። ወጣቱ መጽሐፉን አላነበበውም ነበር። ማህፉዝ ነፍሱ ብትተርፍም የሚጽፍበት ቀኝ እጁ እንደ ቀድሞው አልታዘዝ አለው። በ1995 ደግሞ የካይሮ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የቁርኣን ተመራማሪውን ናስር ሐሚድ አቡ ዘይድን ከሃይማኖት ወጥቷል ብሎ፣ ባልም ሚስትም ሳይፈልጉ ጋብቻቸውን አፈረሰ። ሁለቱም አገር ጥለው ወደ ኔዘርላንድስ ሄዱ።

ሻሂን ለዚህ ሁሉ የሰጠው መልስ በ1997 የወጣው «እጣ ፈንታ» የተባለ ፊልም ነው። በዚያው ዓመት የካን ፌስቲቫል የ50ኛ ዓመት ሽልማቱን ለዕድሜ ልክ ሥራው ሰጠው። ስለ ካይሮ ፍርድ ቤቶችና ስለ ጩቤው በቀጥታ መናገር ይችል ነበር። እሱ ግን ስምንት መቶ ዓመት ወደ ኋላ ተጉዞ፣ በ12ኛው ክፍለ ዘመን፣ በሙስሊሞቹ ስፔን በአንዳሉስ፣ በኮርዶባ ከተማ፣ አውሮፓውያን አቬሮስ የሚሉትን ፈላስፋ ኢብን ሩሽድን ፈልጎ አገኘ። ሰሙ አንዳሉስ፣ ወርቁ ካይሮ ነው፤ ወርቁንም አጥብቆ ሊሰውረው አልፈለገም። በፊልሙ ውስጥ መርዋን የተባለው ዘፋኝ አንገቱ ላይ ሲወጋ፣ የማን አንገት እንደሚታወስ ያልገባው ግብፃዊ ተመልካች አልነበረም።

ፊልሙ በእሳት ተጀምሮ በእሳት ያልቃል። የመጀመሪያው እሳት የሚነደው በደቡብ ፈረንሳይ፣ በክርስቲያኖች አገር ነው፤ የኢብን ሩሽድን መጻሕፍት ተርጉመሃል የተባለ ሰው በሕይወቱ ይቃጠልበታል። የመጨረሻው በሙስሊሞቹ ኮርዶባ የሚነድ ሲሆን የሚቃጠሉት መጻሕፍቱ ራሳቸው ናቸው። ሻሂን በእስክንድርያ ከክርስቲያን ቤተሰብ የተወለደ ሰው ነው። ጣቱን ወደ አንድ ወገን ብቻ መቀሰር ይቀለው ነበር፤ አላደረገውም። ታሪክም አብሮት ይቆማል፤ በ1277 የፓሪስ ጳጳስ 219 ሐሳቦችን ሲያወግዝ ብዙዎቹ ከኢብን ሩሽድ ተከታዮች ጋር የተያያዙ ነበሩ።

ፈላስፋው ራሱ ከሃይማኖት ውጭ የቆመ ሰው አልነበረም። የዳኞች ልጅና የልጅ ልጅ ነው፤ እሱም በሴቪያና በኮርዶባ በሸሪዓ ፈርዷል። እስከ ዛሬ የሚጠና የፊቅህ (የእስልምና ሕግ) መጽሐፍ ጽፏል፤ መጽሐፉ በየርዕሱ ሊቃውንት የተለያዩበትን ነጥብና የመለያየታቸውን ምክንያት ይዘረዝራል። የሃይማኖት ሊቅ ሆኖ አለመስማማትን እንደ ነውር ሳይሆን መጠናት እንዳለበት ነገር ያየ ሰው ነው። ስለዚህ የሻሂንን ጉዳይ «ሃይማኖት በአንድ በኩል፣ ነፃነት በሌላ በኩል» ብሎ የሚያስቀምጥ ሰው ፊልሙንም ዘመኑንም ስቷል። ጠቡ በሃይማኖቱ ቤት ውስጥ ነው፤ ጥያቄውም በዚያ ቤት ማን ይናገር የሚል ነው።

የኮርዶባውን እሳት ያነደደውም ሥነ መለኮት ብቻ አልነበረም። የአንዳሉስ ገዢ ኸሊፋ አል-መንሱር በ1195 ከካስቲያ መንግሥት ጋር ጦርነት ላይ ነበር፤ የሊቃውንቱና የሕዝቡ ድጋፍ ያስፈልገው ነበር። ፈላስፋው ሉሴና ወደምትባል ትንሽ ከተማ ተጋዘ፤ የፍልስፍና መጻሕፍቱ ሲቃጠሉ የሕክምና፣ የሂሳብና የሥነ ፈለክ መጻሕፍት ግን ተረፉ። ብዙም ሳይቆይ ያው ኸሊፋ ይቅር ብሎ ወደ ማራካሽ ጠራው፤ በ1198 እዚያው ሞተ። በእነዚያ ሦስት ዓመታት የእስልምና አስተምህሮ ቅንጣት አልተለወጠም። የተለወጠው የገዢው ችግር ነው። ሃይማኖት ተነካ ተብሎ መጽሐፍ ወይም ፊልም ሲታገድ፣ በዚያ ሰሞን የማን ዙፋን እንደተነቃነቀ መጠየቅ ይገባል።

እኔን ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን ፊልሙ የማይነግረን ነገር ነው። ኢብን ሩሽድ በ1179 ገደማ ስለ ሃይማኖትና ፍልስፍና ዝምድና በጻፋት አጭር መጽሐፍ ሰዎችን እውነትን በሚቀበሉበት መንገድ በሦስት ይከፍላቸዋል። ጥቂቶቹ በማስረጃ፣ ሌሎቹ በክርክር፣ ብዙኃኑ ደግሞ በስብከትና በምሳሌ ያምናሉ። የቅዱሱን ቃል ጥልቅ ትርጓሜ መፈለግ ለመጀመሪያዎቹ ግዴታ ነው፤ ለብዙኃኑ መግለጥ ግን ክልክል ነው፤ እምነታቸውን ያፈርስባቸዋልና። ታላቁን የሃይማኖት ሊቅ አል-ጋዛሊን ከወቀሰባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው፤ የሊቃውንትን ጉዳይ ሕዝብ በሚያነበው መጽሐፍ በተነው ይለዋል። የነፃ ሐሳብ ጀግና አድርገን የምናከብረው ሰው በሕዝብ ፊት መቆለፍ ያለበት በር አለ ብሎ ያምን ነበር ማለት ነው።

አሁን ሻሂን የሠራውን ተመልከቱ። ለብዙኃኑ በር ይዘጋ ያለውን ፈላስፋ ወስዶ፣ በዘፈንና በጭፈራ በተሞላ የብዙኃን ፊልም ውስጥ አስገባው። ኑር ኤል-ሸሪፍ የሚጫወተው ኢብን ሩሽድ ከዘፋኙ ከመርዋንና ከጂፕሲዋ ማኑዌላ ጋር ማዕድ ይቆርሳል፤ ይስቃል። አንዳንድ ሐያሲ ይህን የገበያ ማባበያ አድርጎ ሊያየው ይችላል። እኔ የማየው ሻሂን ከጀግናው ጋር የገጠመውን ሙግት ነው። የኸሊፋው ታናሽ ልጅ አብደላ መጨፈር የሚወድ ወጣት ነው። የሃይማኖት አክራሪዎች አግባብተው ሲወስዱት ጓደኞቹ ሊመልሱት የሚሞክሩት በዘፈን ነው፤ ክርክር ከሚደርስበት ስፍራ ርቋልና። ፈላስፋው በሦስተኛ ደረጃ ያስቀመጠው መንገድ፣ ምስልና ዜማ፣ እዚህ ማስረጃ የማይደርስበት ይደርሳል። ለእኔ የፊልሙ ፍልስፍና ያለው በንግግሮቹ ሳይሆን በዚህ ምርጫው ነው።

ምክንያቱም ፊልምን የሚያሳግደው ሐሳቡ ብቻ አይደለም፤ የሐሳቡ መዳረሻ ነው። አሜሪካን እንውሰድ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1915 ፊልም ተራ ንግድ ነው፣ እንደ ጋዜጣ የንግግር ነፃነት ጥበቃ አይገባውም ብሎ ፈረደ። ከምክንያቶቹ አንዱ ሲኒማ ልጅ አዋቂ ሳይለይ ሁሉንም ሰብስቦ የመማረክ ኃይሉ ነበር። ውሳኔው የተሻረው ሌላ ዮሴፍ ባለበት ክርክር ነው። በሮቤርቶ ሮሴሊኒ «ተአምር» ውስጥ አና ማኛኒ የምትጫወታት ምስኪን ሴት በመንገድ ያገኘችውን ሰው የማርያም ጠባቂ ቅዱስ ዮሴፍ ነው ብላ ታምናለች፤ ከዚያም ትፀንሳለች። የኒው ዮርኩ ካርዲናል ስፔልማን ምእመናን እንዳያዩት ጥሪ አቀረቡ፤ ግዛቲቱም «ቅዱሱን ያረክሳል» በሚል ፈቃዱን ሰረዘች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1952 በሙሉ ድምፅ ስረዛውን ሻረ፤ ፊልምም የሐሳብ መግለጫ መሆኑ ተረጋገጠ። ካርዲናሉና የካይሮው ጠበቃ በብዙ ነገር አይገናኙም፤ ተራው ምእመን ያየውን መመዘን አይችልም በሚለው ግን አንድ ናቸው። ኢብን ሩሽድም ሳያውቅ አብሯቸው ተቀምጧል።

ይህ አስተሳሰብ አማኙን ያዋርዳል። የካይሮ ሲኒማ ቤቶችን የሚሞላው ሰው ማን ነው? ሶላቱን ሰግዶ፣ ትኬቱን ቆርጦ የሚገባ ሠራተኛ፣ ተማሪ፣ የቤት እመቤት ነው። «ስደተኛው»ን አይቶ ወጥቶ፣ ሌሊቱን እንደ ወትሮው የጸለየውን ሰው ማንም አልጠየቀውም። ጠበቃው ስለ እሱ ተናገረለት።

ቅሬታውን ግን አቃልዬ ማለፍ አልፈልግም። የነቢይ መልክ ከዓይን የተሰወረ መሆን አለበት ብሎ ለሚያምን ሰው፣ ደመወዝተኛ ተዋናይ ያን መልክ ሲለብስ ማየት በእርግጥ ያማል። ሕመሙ የውሸት አይደለም፤ «አታስመስል» የሚለው ሰው ነፃነትን እያገለገለ አይደለም። ያ አማኝ አልገባም ማለት፣ ልጆቹን መምከር፣ ከመድረክ መንቀፍ፣ መጻፍ፣ የተሻለ ፊልም መሥራት ይችላል። አጠገቡ ለተቀመጠው ሰው በሩን መዝጋት ግን የእሱ አይደለም። የጥበብ ሰውም የሚነካውን ማወቅ አለበት። ሻሂን አውቆ ነክቷል፤ ስም ለውጧል፤ ታሪኩን አስተካክሏል። ስሙ ሲቀየር መመሳሰሉ ወንጀል ሆነ። መመሳሰሉ ቢጠፋ ኖሮ ማስታወሱ ወንጀል መሆኑ አይቀርም ነበር።

ፊልሙን እወደዋለሁ፤ ጉድለቱንም አያለሁ። አል-ጋዛሊ «የፈላስፎች መፍረስ» ብሎ ሲጽፍ ኢብን ሩሽድ «የመፍረሱ መፍረስ» ብሎ መለሰ። ሲመልስ የባላንጣውን ቃል በየአንቀጹ እየጠቀሰ ነው፤ የአል-ጋዛሊን መጽሐፍ አብዛኛውን ክፍል ከመልሱ ውስጥ ለቅሞ ማውጣት ይቻላል። ሻሂን ይህን ክብር ለተቃዋሚዎቹ አልሰጠም። የአክራሪዎቹ መሪዎች ሥልጣን ፈላጊዎች ብቻ ናቸው፤ ከልቡ የሚያምንና ከልቡ የሚፈራ አንድ ሰባኪ እንኳ በመካከላቸው የለም። እውነተኛው ካይሮ እንዲህ ያሉ ሰዎች ነበሩት። የመናገር ነፃነትን የሚሟገት ፊልም ለተቃዋሚው ጠንካራውን ቃሉን ሊያውሰው ይገባ ነበር። አብደላ ብቻ ከዚህ ድህነት ያመልጣል። አባቱ በጦርነትና በዙፋን ተጠምዷል፤ ጆሮ የሰጡት አክራሪዎቹ ናቸው። ወጣት ወደ አክራሪነት የሚሄድበትን መንገድ ፊልሙ በእሱ በኩል በርኅራኄ ያሳየናል።

ፊልሙ የሚዘጋው ሐሳብ ክንፍ አለው፣ በረራውን የሚገታው የለም በሚል ጽሑፍ ነው። የመጻሕፍቱ ቅጂ ግብፅ ስለደረሰ ኢብን ሩሽድ እሳቱን አይቶ ይስቃል፤ እንዲያውም አንዱን መጽሐፍ በገዛ እጁ ይወረውርበታል። በዚህ አልስማማም። ኢብን ሩሽድ የፕላቶንን «ሪፐብሊክ» ሲተነትን፣ ሴቶች ከመውለድና ከማሳደግ ሌላ ሥራ ስለተከለከሉ ከተሞች እንደሚደኸዩ ጽፎ ነበር። የዚያ መጽሐፍ ዐረብኛ የለም። ዛሬ የምናነበው በ14ኛው ክፍለ ዘመን ሳሙኤል ቤን ይሁዳ የተባለ የማርሴይ አይሁዳዊ ወደ ዕብራይስጥ ስለተረጎመው ብቻ ነው። ያ ሰው ባይኖር ሐሳቡም አይኖርም ነበር። በፊልሙ ውስጥ እንኳ ወደ ፈረንሳይ የተጫኑት መጻሕፍት በመንገድ ውሃ በልቷቸዋል። ሐሳብን የሚያደርሰው ተሸካሚ ነው፤ ገልባጭ፣ ተርጓሚ፣ ዘፋኝ፣ በይግባኝ የሚቆም ጠበቃ፣ ሕጉን አይቶ እገዳ የሚያነሣ ዳኛ። «ስደተኛው» ወደ ተመልካች የተመለሰው ሰዎች ፍርድ ቤት ቆመው ስለተከራከሩለት ነው።

ተመልካችም ከእነዚህ አንዱ ነው። አንድ ፊልም ሃይማኖትን ነክቷልና ይታገድ የሚል ወረቀት ለፊርማ ሲቀርብልዎ፣ ብዕሩን ከማንሣትዎ በፊት ፊልሙን ይመልከቱት። አይተው ከተቆጡ ቁጣዎን በአደባባይ ይናገሩ፤ ይጻፉ፤ ይሟገቱ። ወረቀቱን ግን ሳይፈርሙ ይመልሱ፤ ጎረቤትዎም አይቶ የራሱን ፍርድ ይስጥ።