ከሰማይ የሚወርድ ንጣት

ምንባብ፤ ኢሳይያስ 1፥18፤ ኢዮብ 9፥30-31



በኢሳይያስ መጽሐፍ በመጀመሪያው ምዕራፍ እግዚአብሔር ሕዝቡን ይከሳል። ሰማይና ምድር ምስክሮች ሆነው ተጠርተዋል፤ የተከሳሾቹ እጅ በደም ተሞልቷል፤ መሥዋዕታቸውና በዓላቸው ሳይቀር ለዳኛው ሸክም ሆኖበታል። ክሱ ተነቦ ካለቀ በኋላ የሚቀረው ፍርድ ብቻ ነው ብለን ስንጠብቅ ግን ያልጠበቅነው ቃል ይመጣል። ደም የመሰለው ኃጢአት ይነጣል፤ ንጣቱም በሁለት ነገሮች ይመሰላል፥ በአመዳይና በባዘቶ።

ባዘቶን እናቶቻችን በሚገባ ያውቁታል። ጥጡን ዳምጠው፥ በደጋን ነድፈው፥ በእንዝርት ከመፍተላቸው በፊት በጭናቸው ላይ የሚያስቀምጡት ለስላሳ ነገር ነው፤ ተርጓሚዎቻችን በበግ ጠጕር ፈንታ ይህን ቃል መምረጣቸው እጅግ ደስ ያሰኘናል። በአመዳይ ላይ ግን ችግር አለ። ደገኞች አመዳይ የምንለው በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት በሣር ላይ አድሮ ጠዋት የሚያብረቀርቀውን፥ ባቄላውንም የሚያቃጥለውን ነው። በረዶ የምንለውም በክረምት ከነጐድጓድ ጋር ወርዶ ገብሱን የሚያጋድመውን፥ ቆርቆሮውን የሚደበድበውን ጠጠር ነው። እንደ ተነደፈ ጥጥ ሆኖ ያለ ድምፅ የሚወርደው ሦስተኛው ነገር ለብቻው የታወቀ ስም ስለሌለው፥ መጽሐፍ ቅዱሳችን አንድ ጊዜ አመዳይ፥ አንድ ጊዜ በረዶ ይለዋል።

እርግጥ አገራችን ፈጽሞ አታውቀውም ማለት አይደለም። በ6ኛው መቶ ዓመት ወደ አዱሊስ የመጣው ኮስማስ የተባለ ነጋዴ በዚያ ከድንጋይ ዙፋን ላይ በገለበጠው ጽሕፈት፥ የስሜን ሰዎች የሚኖሩበት ተራራ በበረዶ የተሸፈነ እንደ ሆነና ሰው እስከ ጕልበቱ እንደሚሰጥምበት ተነግሯል። የራስ ደጀን ጫፍ ከ4,500 ሜትር በላይ ነውና ዛሬም አልፎ አልፎ ይነጣል። ነገር ግን አብዛኞቹ ምእመናን ይህን በዓይናቸው አላዩትም። ስለዚህ በሰሜን አሜሪካ በሚኔሶታ ግዛት፥ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ከተሞች የምንኖር እኛ የመጀመሪያው በረዶ እንዴት እንደሚወርድ ከመስኮታችን ያየነውን ልንጽፍላችሁ ወደድን። በእነዚህ ከተሞች ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች ብዙዎች ናቸው፤ ልጆቻቸው በስልክ የላኩላቸውን ፎቶግራፍ የተመለከቱ ወላጆች በመካከላችሁ እንዳሉም እናውቃለን። ፎቶግራፉ ንጣቱን ያሳያል፤ ዝምታውን ግን ሊያሳይ አይችልም።

የመጀመሪያው በረዶ ብዙውን ጊዜ በጥቅምት መጨረሻ ወይም በኅዳር ይመጣል። ዛፎቹ ቅጠላቸውን አራግፈው ራቁታቸውን ቆመዋል፤ ሣሩ ጠውልጓል፤ በየመንገዱ ዳር የወደቀው ቅጠል በስብሶ ጠቍሯል። ከዓመቱ ሁሉ ከተማይቱ የምታስጠላው በዚህ ሳምንት ነው ብንል ነዋሪዎቿ አይቀየሙንም። ሰማዩ ዝቅ ብሎ አመድ ይመስላል፥ ነፋሱም ያርፋል። በመጀመሪያ ከመንገዱ መብራት በታች አንድ ሁለት ነጠብጣብ ይታያል፤ የእሳት ራት የሚመስለውም ሰው አለ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አየሩ በሙሉ ይሞላል። በቤቱ የተቀመጠ ሰው መጋረጃውን ካልገለጠ በቀር መውረዱን አያውቅም። ብዙዎች ተኝተው ያድሩና በማለዳ ሲነሡ የባለጠጋው ጣራና የድኻው ጣራ፥ የአበባው አጥርና የቆሻሻው ማጠራቀሚያ አንድ ዓይነት ሆኖ ያገኙታል። አዲስ የወረደ በረዶ ከአሥር እጅ ዘጠኙ አየር ስለ ሆነ ድምፅን ይውጣል፤ መኪናው ያልፋል፥ ጩኸቱ ግን አይሰማም። ሁልጊዜ በርጋታ ይመጣል ማለታችን አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1991 ዓ.ም. በጥቅምት የመጨረሻ ቀን የጀመረው ማዕበል ሚኒያፖሊስን ከ70 ሳንቲ ሜትር በሚበልጥ በረዶ ቀብሯት ነበር። ነገር ግን የዓመቱ መጀመሪያ በረዶ አብዛኛውን ጊዜ ማንንም ሳይቀሰቅስ ይገባል።

እንግዲህ ዳዊት በንስሐው መዝሙር ከበረዶ ይልቅ ይነጣ ዘንድ የለመነውን አስቡ። የደጋ ሰው ይህን ሲሰማ ወደ ልቡ የሚመጣው የሐምሌው በረዶ ነው። ሳይታወቀውም መንጻትን ከመደብደብ ጋር ያገናኘዋል፤ እግዚአብሔር ኃጢአትን የሚያነጻው ኃጢአተኛውን በመቀጥቀጥ ነው ብሎ ያምናል። ይህ የቃላት ነገር ብቻ አይምሰላችሁ። በጉባኤዎቻችን ውስጥ ሰዎች በዚህ ሐሳብ ታስረው ሲኖሩ አይተናል። በሬው ሲሞት፥ ልጁ ሲታመም፥ አዝመራው ሲበላሽ «የዚያ ኃጢአቴ ዋጋ ነው» የሚል ሰው አለ። ከተናዘዘ ዓመታት አልፈዋል፤ የይቅርታውንም ቃል ከአገልጋዩ አፍ ሰምቷል፤ ነገር ግን የዱላው ቍጥር ገና እንዳልሞላ ሆኖ ይጠብቃል። ሰማዩ በደመነ ቍጥር ራሱን በእጁ ይሸፍናል። እንዲህ ያለው ሰው እግዚአብሔርን ይፈራዋል፤ ሊወደው ግን እንዴት ይችላል?

መቀጥቀጥ አልነበረም አንልም፤ ነበረ። ያው ነቢይ በ53ኛው ምዕራፍ ስለ በደላችን የደቀቀው ማን እንደ ሆነ ይነግረናል። ነጐድጓዱና ጠጠሩ በቀራንዮ በአንዱ ላይ ወረደ፥ በዚያም አለቀ። ጌታችን በተነሣ ጊዜ ድንጋዩን አንከባልሎ የተቀመጠው መልአክ ልብሱ እንደ በረዶ ነጭ እንደ ነበረ ማቴዎስ በ28ኛው ምዕራፍ ጽፏል። ከዚያ ቀን በኋላ ወደ እኛ የሚወርደው ይህ ያለ ድምፅ የሚወርደው ነው።

ስለ ንጣቱም ጥቂት እንበል። ዮሐንስ ኬፕለር የተባለው ታላቅ የከዋክብት ተመራማሪ በፕራግ ከተማ ድልድይ ሲሻገር በካፖርቱ ላይ በረዶ ወረደበት። ኬፕለር የሉተራን ምእመን ነበረ። የወረዱት ቅንጣቶች ሁሉ ስድስት ማዕዘን እንዳላቸው አይቶ ተደነቀ፤ አምስት ወይም ሰባት ያልሆነውስ ስለ ምንድር ነው ብሎ ጠየቀ፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1611 ዓ.ም. ለወዳጁ የአዲስ ዓመት ስጦታ የምትሆን ትንሽ መጽሐፍ ስለዚህ ነገር ጻፈ። ብዙ ከመረመረ በኋላ መልሱን እንዳላገኘ ተናግሮ ምርመራውን ለሌሎች ሊቃውንት ተወላቸው። እንዲህ ያለ ሊቅ አላውቅም ማለቱ ለእኛ ለሰባኪዎች መልካም ትምህርት ነው። ዛሬ ውኃ በሚረጋበት ጊዜ እጅግ ጥቃቅን የሆኑት ክፍሎቹ በስድስት ማዕዘን ሥርዓት እንደሚያያዙ ታውቋል። በአሜሪካ በቨርሞንት ግዛት የነበረው ዊልሰን ቤንትሊ የተባለ ገበሬም ከ1885 ጀምሮ እስከ ሞተበት እስከ 1931 ድረስ ከ5,000 በላይ ቅንጣቶችን በአጉሊ መነጽር ፎቶግራፍ አነሣ፤ አንዱ ሌላውን የሚመስል አላገኘም።

ታዲያ ቅንጣቱን በአጉሊ መነጽር የተመለከተ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ያስደንቀዋል። ቅንጣቱ ነጭ አይደለም። እንደ ብርጭቆ የጠራ ነው፥ የራሱ የሆነ ቀለም የለውም፤ በመካከሉም ብዙውን ጊዜ ከምድር ተነሥቶ ወደ ደመና የወጣ ትቢያ አለ፤ በረዶው መያያዝ የሚጀምረው በዚያ ትቢያ ላይ ነውና። ብርጭቆ ተሰብሮ ሲደቅ ነጭ ዱቄት እንደሚመስል፥ የተከመረውም በረዶ የሚነጣው ቍጥር የሌላቸው ገጾቹ የወደቀባቸውን ብርሃን መልሰው ስለሚሰጡ ነው። አዲስ በረዶ ከፀሐይ ከተቀበለው ብርሃን ከመቶ ሰማንያ የሚበልጠውን እጅ ይመልሳል። ብርሃን በሌለበት ጨለማ ግን ነጭ በረዶ የለም። በመካከሉ ትቢያ ያለበት፥ የራሱ ቀለም የሌለው ነገር ከላይ በተቀበለው ብርሃን ዓይን እስኪያፈዝ ድረስ ይነጣል።

ኢዮብ በ9ኛው ምዕራፍ በአመዳይ ውኃ ቢታጠብ፥ እጁንም እጅግ ቢያነጻ እንኳ እግዚአብሔር መልሶ በአዘቅት ውስጥ እንደሚያሰጥመው ይናገራል። ራሱን በራሱ ለማንጻት የሚደክም ሰው ውኃው በረዶ የቀለጠበት ቢሆንም እንኳ አይነጻም። ኢሳይያስ ደግሞ በዚያው በአመዳይ ምሳሌ መንጻትን ይሰብካል። ሁለቱ አይጣሉም። ኢዮብ የሚናገረው ሰው በእጁ ስለሚያደርገው ነው፤ ኢሳይያስ የሚናገረው እግዚአብሔር ስለሚያደርገው ነው። ማርቲን ሉተር የምንጸድቅበት ጽድቅ ከእኛ ውጭ የሆነ፥ የክርስቶስ የሆነ ጽድቅ ነው ብሎ ያስተማረውም ስለዚህ ነው። ጠዋት ተነሥቶ በልቡ የትናንትናውን ትቢያ ያገኘ ክርስቲያን ይህን ይያዝ፤ ትቢያው መኖሩ ብርሃኑ አልወደቀበትም ማለት አይደለም።

አንድ አስተዋይ ምእመን ግን በረዶው ይቀልጥ የለምን ብሎ ሊጠይቀን ይችላል። በእውነት ይቀልጣል። በመጋቢትና በሚያዝያ ክረምቱን ሁሉ ከሥሩ የተሰወረው የሲጋራ ቍራጭ፥ የጠፋ ጓንትና የውሻ ኵስ በየዳሩ ብቅ ይላል፤ ለዓይን ደስ አያሰኝም። ይቅርታ እንዲህ ያለ መሸፈኛ ቢሆን ኖሮ ምስኪኖች በሆንን ነበር። ነገር ግን ነቢዩ በረዶ በኃጢአት ላይ ይወርዳል አላለም፤ የቀላው ራሱ እንደሚነጣ ተናገረ። ምሳሌን ከሚሸከመው በላይ መጫን አይገባም፤ ንጣትም ሁልጊዜ የምሕረት ምልክት አይደለምና። ግያዝ ከኤልሳዕ ፊት እንደ በረዶ ነጭ ሆኖ ሲወጣ ያ ንጣት ለምጽ ነበረ፥ የመጣበትም ስለ ስስቱና ስለ ሐሰቱ ነው። መቅለጡም ቢሆን መጥፋት አይደለም። ኢሳይያስ በ55ኛው ምዕራፍ ዝናቡንና በረዶውን ምድርን ሳያጠጡ ከማይመለሱት ጋር ይቈጥራቸዋል። በሰሜን አገሮች ገበሬው ከክረምቱ በፊት የዘራው ስንዴ ቅዝቃዜውን በበረዶ ሥር ያሳልፋል፤ በውስጡ አየር ስላለበት እንደ መንዝ ባና ሆኖ ቡቃያውን ይጠብቀዋል፥ በጸደይም ውኃ ሆኖ ያጠጣዋል። ከከተማችን የሚቀልጠውም ወደ ሚሲሲፒ ወንዝ ይወርዳል።

በረዶን ከመስኮት ማየት ቤት ላለው ሰው የተሰጠ ነገር መሆኑን ደግሞ አንርሳ። በምሳሌ 31ኛው ምዕራፍ የተመሰገነችው ሴት ከበረዶ የማትፈራው ቤተ ሰዎችዋን ስላለበሰች ነው። በዚህ ባለጠጋ ከተማ በድንኳን የሚያድሩ አሉ፤ ለሌሊት ሥራ ወጥተው አውቶቡስ የሚጠብቁ እናቶችም አሉ፥ ከእነርሱም ብዙዎቹ የአገራችን ልጆች ናቸው። የሚኒያፖሊስ ሕግ የመኖሪያ ቤት ባለቤት በረዶው ካቆመ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ በደጁ ያለውን የእግረኛ መንገድ እንዲጠርግ ያዝዛል። ስለዚህ ከመስኮት አይተን ካደነቅን በኋላ ካፖርት ለብሰን፥ አካፋ ይዘን እንወጣለን። በበረዶው መውረድ የእኛ እጅ የለበትም፤ ሽማግሌዋ ጎረቤታችንና ደብዳቤ አዳዩ እንዳይወድቁ መንገዱን መክፈት ግን ለእኛ የተተወ ሥራ ነው።

በጉባኤዎቻችንም፥ በዚህም በአገር ቤትም፥ የተዘጋ መንገድ አለ። የጌታ ራት በሚቀርብበት እሑድ ከኋላ ወንበር ሳይነሣ የሚቀር ሰው ታውቃላችሁ። በወጣትነቱ ያደረገውን ሁሉም ያውቃል፤ ጌታ ይቅር እንዳለው ተነግሮታል፤ ከወንበሩ እስከ ማዕዱ ያለውን ጥቂት እርምጃ እንዳይራመድ ግን የእኛ ዓይንና የእኛ ሹክሹክታ እንደ ክምር ቆሞበታል። ወንድማችን ሆይ፤ ንጣትህን ከእኛ ዘንድ አትፈልግ፥ እኛም የራሳችን የለንምና። ዱላም አትጠብቅ። እናንተም የጉባኤው ሽማግሌዎች ሆይ፤ እስከሚመጣው እሑድ ድረስ ወደ ቤቱ ሄዳችሁ ጠይቁት፥ ቡናውን ጠጡ፥ ስለ አለፈው ነገር ሳታነሡም ኑ እንሂድ በሉት። በተነሣም ጊዜ ማንም ወደ ኋላ አይመልከት፤ በሚንበረከክበት ስፍራ ግራና ቀኝ ጠጋ ብለን ቦታ እንልቀቅለት።